ፈገግ ብዬ የወጣሁበት ስብሰባ

ሳሚዬ፣ ልጄ፤

ከተለየኸኝ ወዲህ ይኸው ሁለተኛው በረዶ እየወረደ ነው። ደህና ነኝ አልልህም። ተናድጃለሁ። በአጎትህም፣ በአንተም።

ከግሌንዴሉ ቤታችን አልወጣሁም። የልብህን ማሽን ባትሪ ቻርጅ የምናደርግበትን ዕቃ ሆስፒታሉ መልሶ ወሰደው። አልጋህን ግን ማንም አይነካብኝም። ዳውንታውን፣ መሃል ከተማ ያለውን ሆቴል አሁንም አጸዳለሁ፤ የሰው አንሶላ እየቀየርኩ ብቻዬን እቆጣሃለሁ።

ለልብህ ማሽኑን የገጠሙልህ ሰሞን ትዝ ይልሃል? እጅህን ይዤ የደም ሥርህን ብፈልገው አልመታ አለኝና ጮህኩ። አንተ ሳቅክብኝ። «እማዬ፣ አሁን እኮ ደሜ እንደ ቧንቧ ውኃ ነው የሚፈሰው» ብለህ ጆሮዬን ደረትህ ላይ አስጠጋህና የሞተሩን ድምፅ አሰማኸኝ። ያኔ ሁሉን ትነግረኝ ነበር።

ኋላ ኩላሊትህ ሲደክም፣ ሕመም የምታስታግሰዋ ሐኪም ሰበሰበችን። አጎትህ ታደሰ ሊያስተረጉምልኝ መሃል ተቀመጠ። እሷ ብዙ ተናገረች፤ አንተም ብዙ መለስክላት። ታደሰ ወደ እኔ ዞሮ «አዲስ ልብ እስኪገኝ ጠብቁ ነው የምትለው» አለኝ። እኔም ፈገግ ብዬ፣ እጇን በሁለት እጄ ይዤ፣ «ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ» አልኳት። ነገሩ የገባኝ መስሏት አቀፈችኝ። ለካ አዲስ ልብ እንደማይሰጡህ ነግራህ፣ አንተም ሲብስብኝ ማሽኑን አጥፉልኝ ብለሃታል!

ማሽኑን ያጠፉልህ ቀን ጠዋት እኔን ሥራሽን አትቅሪ ብለህ ሸኘኸኝ። ግንባርህን እንኳ ስሜ አልተሰናበትኩህም። ከቀብር በኋላ ነገሩን ስሰማ ታደሰን ያዝኩት። «እንዳትነግራት ያለኝ እሱ ነው። ደሞስ ለእናት እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል እንዴ?» አለኝ። ለእናት ካልተነገረ ለማን ይነገራል? ደንግጬ እወድቅ ይሆናል፤ ልውደቃ! ተነስቼ አጠገብህ እቀመጥ ነበር።

አገር ቤት ላሉት አያትህም እነታደሰ «ሥራ በዝቶበት ነው የማይደውለው» ሲሏቸው ከረሙ። ባለፈው እሁድ አውሮራ ካለው ቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ታደሰ «እትዬ ተዪ፣ ልባቸው አይችልም» እያለኝ ስልኩን አነሳሁና ራሴ ነገርኳቸው። ጮኸው አለቀሱ። ትንሽ ቆይተው፣ መጨረሻ ላይ ምን አምሮት ነበር፣ ከስቶ ነበር ወይ እያሉ ጠየቁኝ። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። የማላውቀውንም አላውቅም አልኳቸው።

አልረሳህም፣ ልጄ። ስምህንም በሹክሹክታ አልጠራም። ለጠየቀኝ ሁሉ እንዴት እንደሞትክ እናገራለሁ። ቀድሜ መስማት የነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ።

እናትህ