ሳይመክሩ የመከሩት የወይዘሮ ፋናዬ ወንዶሰን የሕይወት ታሪክ

ጎረቤታችን ማናልበሽ በአጥር በኩል ለምራቷ ስትነግር የተሰማው እንዲህ ነው፦ «ይኼ ሁሉ መኪና ከጊኒር፣ ከደሎ መና፣ ከዲንሾ የመጣው ለእሳቸው ለቅሶ ነው። ደግሞ እኮ እትዬ ፋናዬ ለአንድ ሰው እንኳ ‹እንዲህ አድርግ› ብለው መክረው አያውቁም! ወንድምየው ግን ፊታቸው ጠቁሯል አሉ። ለምን አዲስ አበባ ሳትወሰድ ሞተች ብለው።»

ማናልበሽ ከምታወራው ግማሹ ሁልጊዜ ውሸት ነው። ይኼኛው ግን ሙሉው እውነት ስለሆነ፣ ነገሩ ከሥሩ ይነገር።

ወይዘሮ ፋናዬ ከአባታቸው ከአቶ ወንዶሰንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይመኙሻል በ1952 ዓ.ም. ጎባ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በመንግሥት ሥራ ከመንዝ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። ልጅቱ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲሯሯጡ፣ አማርኛውን ከቤት እኩል ለመዱ። ትምህርታቸውንም እዚያው ጎባ ተማሩ። ዝምተኛ ስለነበሩ አስተማሪዎቻቸው ነገር የማይገባቸው ይመስላቸው ነበር። እሳቸው እየሰሙ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. የነርስ ትምህርት ጨርሰው ዲንሾ ተቀጠሩ። በዚያ ዘመን አቶ ደምሴ የሚባሉ አንድ አስተማሪ፣ ምንም ሳያማቸው በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ ይመላለሱ ነበር። አንድ ቀን ወይዘሮ ፋናዬ «አስተማሪ፣ ለመሆኑ የሚያምዎት የቱ ጋ ነው?» አሏቸው። መልሱን ዲንሾ ሙሉ ያውቀዋል። በ1976 ዓ.ም. ተጋቡ፤ ትንሣኤንና ሲምቦን ወለዱ። ለሲምቦ ስም ያወጡላት ኦሮሞዋ አዋላጅ ናቸው። በ1985 ዓ.ም. ቤተሰቡ ሮቤ ገባ። አቶ ደምሴም ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው አረፉ።

በ1997 ዓ.ም. ወይዘሮ ፋናዬ የምክር አገልግሎት ሥልጠና ተልከው ሻሸመኔ ከረሙ። ሲመለሱ ጉድ ተባለ። ምከሩኝ ብሎ የሄደ ሰው ሁሉ ተጠይቆ ይመለሳል። «አንተስ ምን ታስባለህ?» ይሉታል። «ሥልጠና ሄደው መምከር ረስተው መጡ» ተብሎ ገበያው ሳቀባቸው። በእኛ አገር ሽማግሌ ይናገራል፣ የቸገረው ይሰማል፤ ያ ነው የሚታወቀው።

ሳቁ የቆመው በሁለት ሰዎች ነው። አንዷ የጊኒሯ ዙሀይራ ነች፤ ባሏ ሞቶ የባሏ ወንድሞች የጨርቅ ሱቁን ቁልፍ ወስደውባት ነበር። ሌላው የደሎ መናው ሻፊ ነው፤ የሐረና ቁልቁለት ላይ ኢሱዙ ከተገለበጠበት ወዲህ መሪ መያዝ አቅቶታል። «እኔ ቀድሜያለሁ!» «የተሳፈርኩበት መኪና ቆሞ ይጠብቀኛል!» እየተባባሉ በራቸው ላይ ተጣሉ። ወይዘሮ ፋናዬ ሁለቱንም አስገቡና፣ ወደው ፈቅደው ችግራቸውን ከተነጋገሩ በኋላ፣ «በሉ ተለዋወጡ» አሏቸው። «ሻፊ፣ አንተ ባልህ የሞተብህ ዙሀይራ ነህ። ዙሀይራ፣ አንቺ መኪና የገለበጥሽ ሻፊ ነሽ። እኔ የለሁም።»

ሻፊ በሳቅ ወደቀ። «ሱቄ» ማለት ሲጀምር ግን ድምፁ ተለወጠ። «ጨርቁን እየመረጥኩ ያመጣሁት እኔ ነኝ! ቁልፌን ለምን ሰጠኋቸው?» አለ። ዙሀይራ አፏን ይዛ ቀረች፤ ይኼን ቃል ለራሷ ብላው አታውቅም። በተራዋ የእሱን ፍርሃት ያዘች። «ወላሂ ፈርቻለሁ። ቁልቁለቱን አሁን አልነዳም። ሮቤ ጎባ ግን እነዳለሁ» አለች። ሻፊም ወንድ ልጅ መፍራት እንደሚችል የዚያን ቀን ሰማ። ዙሀይራ ቁልፏን አስመለሰች። ሻፊ ጎባ ደርሶ መጣ፤ ቆይቶም ሐረናን ወረደ። ሁለቱን ያየ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ይገረማል፤ ማንም ሳይመክራቸው!

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ግቢያቸው በሰው ይሞላ ጀመር። ሰው በኦሮምኛው «ዋሊን» አለው፤ አብረን ማለት ነው። የአንዱን ችግር ሌላው ይዞ «እኔ» እያለ ያወራል፤ ባለቤቱም «አዎ» ወይም «አይደለም፣ እሷን ስተሃታል» ይላል። «እንዲህ አድርጊ» ብሎ ያዘዘ ሰው የሻይ ብርጭቆ ያጥባል። አንድ ቄስና አንድ ሼህ አፋቸው አምልጧቸው ጎን ለጎን ሲያጥቡ ታይተዋል። ማጠቡን የተሻሉት ሼሁ ናቸው።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ወይዘሮ ፋናዬ ጉበታቸውን ታመሙ፤ ከፋሲካ በኋላ ጎባ ሆስፒታል ተኙ። ሐኪማቸው ሕመሙ እንደገፋ፣ አዲስ አበባ ቢሄዱ ትንሽ ዕድሜ ሊገኝ እንደሚችል፣ መንገዱ ግን እንደሚጎዳቸው ሳይደብቁ ነገሯቸው። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ክብሩ ከአዲስ አበባ መጡና «ነገ ጠዋት መኪና አለ፣ ተዘጋጂ!» አሉ። ሌላው ጸበል አለ፣ ሌላው ማር አለ፣ ሌላው ውጭ አገር አለ። ስንት ዘመን እሁድን የተቀመጠ ሰው ሁሉ ደንቡን ረስቶ አዛዥ ሆነ። ብርጭቆ ቢኖር የማያጥብ አልነበረም።

ሻፊ ብቻ አልጋው ሥር ተንበረከከ። «እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይፈልጋሉ?»

«ቤቴ ውሰደኝ» አሉት። «ለእሁድ የማመጣው ችግር አለኝ።»

ያን እሁድ ተደግፈው ወጥተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ችግር መሐል አስቀመጡ። «ልሂድ ወይስ ልቅር? ማን ይይዝልኛል?» አሉ። አቶ ክብሩ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሰው ሁሉ ሲፈራ ዙሀይራ ያዘችላቸው።

«እኔ ፋናዬ ነኝ» አለች። «የፈራሁት ሞቱን አይደለም። ሰው ስለ እኔ እየወሰነ እንደ ዕቃ መጫኔን ነው። ልጆቼ እጄን ይዘው፣ ይኼ ብርድ እየሸተተኝ እዚሁ ልረፍ። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ እንቢ ማለት ግን አቅቶኛል።»

ወይዘሮ ፋናዬ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። «አንቺ ሌባ! ከሆዴ ሰረቅሽው!» አሉ። ከዚያ ወደ በሩ ዞረው «አልሄድም፣ ወንድምዬ» አሉ። ያን ቀን እዚያ የነበረ ሰው፣ የታመመ ሰው ፊት እንደዚያ ሲበራ ከዚያ በፊት አላየም።

ወይዘሮ ፋናዬ ማክሰኞ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው፣ ቤታቸው፣ አንድ እጃቸውን ለትንሣኤ አንዱን ለሲምቦ ሰጥተው አረፉ። ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆች፣ አንድ ወንድም፣ የእሁዱን ሰው ሁሉ ትተው ሄደዋል። ሰውን እንደሰሙ ፈጣሪ ይስማቸው፤ ለነፍሳቸው የማያስቸኩል፣ ሰፊ ማረፊያ ይስጥልን።

ትናንት ከሰዓት ድንኳን ውስጥ አቶ ክብሩ ሲያለቅሱ ዋሉ። ወንድም ናቸው፣ አይፈረድባቸውም። በኋላ ግን ለቀስተኛውን ገላመጡና «ታማ እኮ ነው፤ አልሄድም ብትል ትሰሟታላችሁ? ይኼ ሁሉ ሰው ባለበት አገር አንድ ደህና መካሪ ይጥፋ?» አሉ። ዙሀይራ ነጠላዋን ሰብስባ ቀና አለች።

«መካሪስ ሞልቶ ነበር፣ ጋሽ ክብሩ፤ ክፍሉ እስኪጠብ። ‹ምን ይፈልጋሉ?› ብሎ የጠየቃቸው ግን አንድ ሰው ነው። እሱም እርስዎ አልነበሩም።»