የእትዬ ዘውዴ ጣሪያ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21፣ መርሳ

ዛሬ የቀበሌያችን ምክር ቤት የዓመት አፈጻጸም ግምገማ ላይ ዋልኩ። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም። ሪፖርቱ የአቅመ ደካሞች ቤት ታድሷል ይላል። ታደሰላቸው ከተባሉት አንዷ ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ ናቸው። ባለፈው ክረምት ለማስጀመሪያው ፎቶ ብለው አሮጌውን ቆርቆሮ ገፈፉባቸው። አዲሱን ሊያለብስ የተመለሰ ግን የለም። ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ቤት ተጠግተው ያድራሉ።

ሪፖርቱ ተጨብጭቦለት ሲያልቅ እትዬ ዘውዴ እጃቸውን አወጡ።

"ልጆቼ፣ የእኔ ቤት እኮ ጣሪያ የለውም።"

"እናታችን፣ ሪፖርቱ ጸድቋል" አላቸው ሰብሳቢው።

"እንግዲያው ሪፖርታችሁ ውስጥ ገብቼ ልደራ! ክረምቱ መጣ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሌላው ይሳቅ፤ ሰብሳቢውም አብሮ ሳቀ። ሲበቃው እንባውን ጠርጎ ለምሳ በተነን።