ከዱባይ ያመጣሽልኝ ክኒን

ውድ ሄሊና፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ብቻ ነው። ከዚህ በታች ደግ ቃል እንዳትፈልጊ።

የወር አበባዬ ከቆመ ወዲህ ሙቀቱ ሲያንገበግበኝ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ከባሌ ከተክለብርሃን ጋር በሆነ ባልሆነው ስጨቃጨቅ ያማከርኩት አንቺን ነው። ኩላሊቴ ከግማሽ በታች እንደሚሠራ የነገርኩትም ለአንቺ ብቻ ነበር። ለእህቴ እንኳ አልተነፈስኩም። ቡልቡላ ቤትሽ፣ ልትሸጫቸው በደረደርሻቸው ጫማና ሽቶዎች መሃል ተቀምጠን፣ የሆርሞን ክኒኑን ከሻንጣ አወጣሽልኝ።

«ኩላሊቴስ?» አልኩሽ።

«አንቺ ደግሞ! የሐኪም ሥራው ማስፈራራት ነው። እኔስ እየዋጥኩት አይደል? እስቲ እይኝ፣ ምን ሆንኩ?»

አመንኩሽ። እግሬ አበጠ፣ ደም ግፊቴ ጨመረ፣ የልቤ ምት ተዛባ። ድንገተኛ ክፍል ያገኘችኝ ዶክተር ሙሉአለም ክኒኑን አይታ ራሷን ነቀነቀች። ውስጡ ካሉት ሆርሞኖች አንዱ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደም ውስጥ ፖታሺየም እንዲከማች ያደርጋል። ከምወስደው የግፊት መድኃኒት ጋር ተደምሮ ልቤን ሊያቆመው ነበር። «ማን አዘዘልሽ?» ስትለኝ ስምሽን አልጠራሁም። ሳታውቂ ያደረግሽው መስሎኝ ነዋ!

ለማኅበራችን ሴቶች «አስመረትን የጣላት ጭንቀት ነው» ማለትሽን ሰማሁ። እሱንም ቻልኩት። ያልቻልኩት ጉርድ ሾላ መድኃኒት ቤት የምትሠራው የወንድምሽ ልጅ ጫልቱ ልትጠይቀኝ መጥታ የነገረችኝን ነው።

«እትዬ አስመረት፣ አክስቴ አንዲት ኩላሊቷን የሚያማት ጓደኛ አለችኝ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ይሄን ክኒን እንዳትሰጪያት፣ መጀመሪያ ሐኪም ይያት ብያት ነበር እኮ» ብላ አለቀሰች።

ታውቂ ነበር፣ ሄሊና። እያወቅሽ አጎረስሽኝ።

አሁን ዶክተሯ ደሜ ከተስተካከለ በኋላ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ መጠኑ አነስተኛ የሆነ ሆርሞን ማሕፀኔን ከሚጠብቅ ሌላ መድኃኒት ጋር አዝዛልኛለች። ግፊቴንና ኩላሊቴን በየጊዜው እያየችልኝ ነው። ሙቀቱ ለቀቀኝ፤ ደህና እተኛለሁ። ይህን የምጽፍልሽ እንዲያቃጥልሽ ነው።

የሚቀጥለው ማኅበር ለሚ ኩራ እኔ ቤት ነው። ይህንኑ ክኒን የሸጥሽላቸው ሴቶች ሁሉ ክኒናቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጫልቱም አለች። ከጸሎቱ በኋላ ቆሜ፣ ያደረግሽኝን አንድ በአንድ እናገራለሁ።

ባለፈው ለቅሶ ቤት ደግሞ አየሁሽ። ፊትሽ አብጧል፤ ጫማሽ አልገባ ብሎሽ ተረከዙን ረግጠሽው ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ «እሰይ!» አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ እሰይ ስል ሰነበትኩ። እንደ አንቺ አውቄ ዝም ማለት አያቅተኝም ነበር።

ግን ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የምትውጪውን አሳዪ፣ ግፊትሽንና ኩላሊትሽን ተመርመሪ። ይቅር ብላኛለች ብለሽ እንዳትሳሳቺ። በሽታ እንዲቀድመኝ ስለማልፈልግ ነው። በጤናሽ፣ በገዛ እግርሽ መጥተሽ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ እንድትሰሚኝ ነው የምፈልገው።

የምጠብቅሽ፣
አስመረት