የሉኪና ሳንቲም

ኦስቲያ፣ ወይኑ ተጨምቆ ባለቀ ማግስት

ከልጄ ለማልለይህ አማቼ ፕሪስኩስ፤ እስክንድርያ ባለህበት ሰላም ይድረስህ።

እኔ ደህና ነኝ። ሩፊላ ግን በወሊድ ሞታብናለች። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልቻልኩበትም፣ ይቅር በለኝ። ልጇ በሕይወት አለች፤ ሴት ናት። ልትሳፈር ስትል «ወንድ ከሆነ አሳድጉት፣ ሴት ከሆነች ጣሏት» ያልከውን አልረሳሁም።

ምጡ እንደጀመራት አዋላጇ ሄሊኬ በቤቱ ያለውን ቋጠሮ ሁሉ አስፈታችን። ቋጠሮ ባለበት ሕፃን አይወጣም ብላ መቀነታችንን፣ ሹሩባችንን፣ የአህያዋን ገመድ ሳይቀር ፈታን። አህያዋም ሄዳ የጎረቤት ጎመን በላች። የቀረው አንተ ስትሄድ ለሩፊላ እጇ ላይ በክር ያሰርክላት የነሐስ ሳንቲም ብቻ ነበር፤ በአንድ ፊቱ ንግሥቲቱ፣ በሌላው የወላዶች አምላክ ሉኪና ሕፃን ታቅፋ ያለችበት። የመርከበኛ ቋጠሮህ በጥፍርም በጥርስም እምቢ አለ።

«በቢላዋ ልበጥሰው» አለች ሄሊኬ።

«እጅሽን ሰብስቢ!» አለቻት ልጄ። «እሱ ያሰረውን እሱ ይፍታው።»

«እሱማ ግብፅ ቁጭ ብሎ ቴምሩን ይበላል!»

ሩፊላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ስትስቅ አላየኋትም።

አሁን ሄሊኬ ወደቡን እየዞረች «የገደላት የባሏ ቋጠሮ ነው» ትላለች። ከእሷ አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው። እኔ ልመን አልመን አላውቅም። ምንም አይሰማኝም፤ እስካሁን አላለቀስኩም።

ክሩን የበጠስኩት ስንገንዛት ነው። ሙታንን ወንዝ ለሚያሻግረው ጀልበኛ የሚከፈለውን ሳንቲም አፏ ውስጥ ላደርግ ስል ሴቶቹ «የራሷን አድርጊላት» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ስንጠራት ያልመጣች አምላክ እዚያ ሄዳ ምን ትሠራላታለች? ንግሥቲቱም ብትሆን ልጄን አታውቃትም። መርከብ ያለበትን ሌላ ሳንቲም አደረግኩላት። የሉኪናውን ሳንቲም ሕፃኗን ለምታጠባት ሴት ከፈልኩ።

ልጅቷን እንደተወለደች እንደ ደንቡ መሬት ላይ አስተኝተናት ነበር። አባት ካላነሳት የቤቱ ልጅ እንዳልሆነች አንተም ታውቃለህ። ሄሊኬ በሩን አየች፣ እኔን አየች።

«እንግዲህ ሰውዬው ሴት አልፈልግም ብሏል» አለችኝ። «ቆሻሻ መጣያው ጋ ላድርሳት?»

መሬቱ ይቀዘቅዝ ነበር። አነሳኋት።

ባሕሩ ይቅናህ፣ አማልክት በሰላም ይመልሱህ። ስትመጣ በሩን ቀስ አድርገህ አንኳኳ፤ ተኝታ ትሆናለች።

አማትህ ቪብያ