ኮረብታው ላይ የቆመው መኪና

ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ላስታ፣ ላሊበላ

ልጄ ኢያቄም፣

ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሳልጠይቅህ ቆይቼ ዛሬ እንዴት ከረምክ ብልህ ትታዘበኛለህ። ታዘበኝ፣ ግን ጠይቄሃለሁ። ጤናህ እንዴት ነው? እህል ትበላለህ? በዚያ የፀሐይ አገር የሚያስታምምህ፣ ቢያንስ ውኃ የሚያቀብልህ ሰው አለ?

የእጅ ጽሕፈቴ ቢንቀጠቀጥ አትደንግጥ። እኔን ልትጦር ከአዲስ አበባ የመጣችው የትናየት በስልኳ ልትጽፍልህ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እህትህን ታውቃታለህ፣ እኔ የምላትን ትታ ይሻላል ያለችውን ነው የምትጽፈው። ስልኳንም ከእናትህ ቀብር ወዲህ አታነሣላትም አሉ። ደግሞ ይህ ነገር በእኔ እጅ ካልተጻፈ የማይሠራ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ታየዋለህ። ወረቀቱን ወርቅአገኘሁ ሹፌሩ አውሮፕላን ጣቢያ ወስዶ ለአንድ የድሮ ባልደረባህ ይሰጥልኛል፤ እሱ ያደርስልሃል።

መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርህ፤ ምናልባት ቀድሞ ደርሶህ ይሆናል። የቀድሞው መሥሪያ ቤትህ የአብራሪዎችን ደሞዝ አሻሻለ። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ የትናየት ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝና ከስልኳ አነበበችልኝ። ለካፒቴኑም ለረዳቱም ተጨምሮላቸዋል፤ የቤት አበል አለው፤ የዕረፍት ቀናቸውም ታስቦላቸዋል። ጥለው የሄዱት ቢመለሱ የድሮ አገልግሎታቸው ይያዝላቸዋል ይላል። ሁለት ጊዜ አስነበብኳት።

«አባ፣ ደስ አላለዎትም እንዴ?» አለችኝ።

ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ መደቡ ላይ ቁጭ አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ይህ ጭማሪ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ አንተ አትሄድም ነበር፤ እኔም ያንን ቃል አልናገርም ነበር፤ እናትህም ፊትህን ሳታይ አትሞትም ነበር። አሁን መጣ። ለማን መጣ ልበል?

ያንን ቃል አንተ እንደማትረሳው አውቃለሁ። እኔም እዚህ ልጽፈው ግድ ነው፤ ስሙ ያልተጠራ ነገር አይፈታምና።

የ2015 የገና ዕለት ነው። እንግዳው ሁሉ ተሸኝቶ እኔ፣ አንተና እናትህ ብቻ ቀርተን ነበር። «አባ፣ ኩዌት ሥራ አግኝቻለሁ፤ ልሄድ ነው» አልከኝ። ማኅበራችሁ ደሞዝ እንዲሻሻል ሦስት ጊዜ አመልክቶ መልስ ማጣቱን ነገርከኝ። በአንድ ዓይነት አውሮፕላን፣ ያንኑ ያህል ሰው ጭኖ፣ ሌላ አገር ያለው አብራሪ የእናንተን አራት እጥፍ እንደሚያገኝ ነገርከኝ። እኔ ምን አልኩ? «ተቀምጠህ ለምትሄድበት ይከፍሉሃል፤ እዚህ ስንቱ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሄዶ ምንም አያገኝም!» አልኩና በራሴ ቀልድ ሳቅኩ። አንተ አልሳቅክም።

«አንቱ አልገባዎትም አባ፤ ገንዘቡን የምፈልግበት ምክንያት አለኝ» አልክ። ምክንያትህን ተናገር ስልህ ወደ እናትህ አየህና አቀረቀርክ። እኔም ዝም ማለትህን ስስት ነው ብዬ ተረጎምኩት። አረብ አገር የሚሄደው የሚቀምሰው ያጣ የድኻ ልጅ ነው፣ አንተን አገር አስተምራህ እንዴት ትከዳታለህ ብዬ ጮህኩብህ። አንተ ድምፅህን ከፍ አላደረግክም። እንዲያውም ያ ነው የባሰ ያናደደኝ።

ያን ጊዜ መስቀሌን አወጣሁ። «ደሞዝ ብለህ ከሄድክ የዚህን ቤት ደጅ ብትረግጥ፣ ከዚህ ቤት በሚወጣ ሬሳ ላይ ብትቆም፣ ገዝቼሃለሁ!» አልኩ። እናትህ «ኸረ በማርያም፣ ቃልዎን ይመልሱ!» ብላ እጄን ይዛ ነበር፤ እጄን መንጭቄ ወጣሁ። ሬሳ ያልኩት የራሴን ነው፣ ልጄ። ሽማግሌው እኔ ነኝ፤ እናትህ ብርቅዬ ትቀድመኛለች ብዬ እንዴት ላስብ?

አንተ ሄድክ። ስልክ ስትደውል እኔ ከቤት እወጣ ነበር። «የሱ ገንዘብ በዚህ ደጅ እንዳይገባ!» ብዬም ለእናትህና ለየትናየት አስጠንቅቄ ነበር። ኩራቴ እስከዚህ ነበር።

በዚያው ዓመት የእናትህ ሕመም ወጣ። እግሯ ሲያብጥ እኔ የድካም ነው እል ነበር፤ ኩላሊት ኖሯል። አዲስ አበባ የትናየት ዘንድ ተቀምጣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ደሟ መታጠብ አለበት ተባለ። ከየት አባቴ አምጥቼ? መሬቱን ልሸጥ፣ ልለምን ስል፣ እናትህ በስልክ «አይጨነቁ፣ አንድ በጎ አድራጊ ተገኝቷል፤ ሁሉን እሱ ቻለ» አለችኝ። በጸሎት እንዳነሣው የክርስትና ስሙን ንገሪኝ አልኳት። «ስሙ እንዲጠራ አይፈልግም» አለችኝ።

ስለዚህ ስም የሌለው ሰው ይዤ ቀረሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ፣ በቆምኩበት ቅዳሴ ሁሉ፣ «ስሙን አንተ የምታውቀውን ያንን ሰው አስበው፤ እጁን አታሳጥርበት፤ እናቱ እሱን የወለደችበትን ቀን ባርክላት» እያልኩ ጸለይኩ። በአፌ ያሰርኩህን በዚያው አፌ ስባርክህ ኖርኩ ማለት ነው። እግዚአብሔር የትኛውን እንደ ሰማ አላውቅም።

ዐምና ደግሞ የደብራችን አገልጋዮች ኑሮ ቢከብደን ለደሞዝ ጭማሪ ማመልከቻ አስገባን። ማን አረቀቀው መሰለህ? አባትህ። ከወንጌል ጠቅሼ፣ የገበያውን ዋጋ ዘርዝሬ፣ የመጀመሪያውን ፊርማ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስፈርም አንተ ትዝ አላልከኝም። ለእኔ ሲሆን መብት፣ ለአንተ ሲሆን ስስት ሆኖብኝ ኖሯል። ቄስ ስትሆን ደግሞ ተሳስተሃል ብሎ ፊት ለፊት የሚነግርህ ሰው የለም፤ መስቀልህን ተሳልሞ ይሄዳል እንጂ።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ነገር ልምጣ። እስካሁን የዞርኩት እሱን ፈርቼ ነው።

ታኅሣሥ ላይ የእናትህን ሬሳ ከአዲስ አበባ አምጥተን ስንቀብር፣ ፍትሐቱ ሳያልቅ፣ ከማዶ ኮረብታው ላይ አንድ ነጭ መኪና ቆሞ አየሁ። ሰው ከጎኑ ቆሟል። ለገና ቀድመው የገቡ ቱሪስቶች መስለውኝ ነበር። ታውቃለህ፣ እኛ ዘንድ ለቅሶ ባዩ ቁጥር ካሜራቸውን ያወጣሉ። ደሜ ፈላ። ጎረቤታችንን ደሳለን ጠራሁና «ሂድ አባርልኝ! የብርቅዬ ሬሳ የማንም መታያ አይሆንም በላቸው!» አልኩት። ደሳለ ዱላውን ይዞ ዳገቱን ሮጠ። ሳይደርስባቸው መኪናው ተነሥቶ ሄደ። እኔም ተመስገን ብዬ ወደ ጸሎቴ ተመለስኩ።

በአርባዋ ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ «ወንድ ልጅ ወልጄ ሚስቴን ብቻዬን ቀበርኳት» ብዬ ሰው ፊት አማረርኩ። አጠገቤ የነበረው ወርቅአገኘሁ ጉርሻውን መለሰው።

«አባ፣ ከዚህ በኋላ ዝም ብል ኃጢአት ነው» አለኝ። «ኢያቄም መጥቶ ነበር። ከአውሮፕላን ጣቢያ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ደጅ ላድርስህ ብለው ‹ተገዝቻለሁ፣ ከሬሳዋም አልቆምም፣ ከሩቅ ልያት› አለኝ። ኮረብታው ላይ ጫማውን አውልቆ ቆመ። ደሳለ በዱላ ሲመጣ አየና፣ ‹አባ ናቸው የላኩት፣ ዐውቀውኛል፣ ከዚህም አልፈቀዱልኝም፣ በቃ እንሂድ› አለኝ። በመጣበት አውሮፕላን ተመለሰ።»

ኢያቄም፣ አላወቅኩህም።

ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን እንዳትረሳው። አላወቅኩህም፣ ልጄ! ዓይኔ ደክሟል፤ መኪናውን እንጂ ሰውየውን አልለየሁም። ባውቅህ ኖሮ ግዝቱም ክህነቱም ገደል ይግባ ብዬ፣ ፍትሐቱን አቋርጬ፣ ዳገቱን በደረቴም ቢሆን እወጣው ነበር። በዱላ ያባረርኩህ መስሎህ ይህን ሁሉ ወራት እንደ ኖርክ ሳስበው እህል ከጉሮሮዬ አይወርድም። የዚያኑ ዕለት የትናየትን ያዝኳትና የቀረውን ሁሉ አወጣች፤ በጎ አድራጊው ማን እንደሆነ፣ በገና ዕለት ወደ እናትህ ያየኸው ለምን እንደሆነ። ከገናው አስቀድመህ ያስመረመርካት አንተ ኖረሃል። እኔ ከሰማሁ የተገዘተ ሰው ገንዘብ ነው ብዬ ሕክምናዋን እንዳላስቆም ፈርታ እናትህ ሁለታችሁንም አስምላችሁ ኖሯል። መፍራቷ ደግሞ እውነቷን ነበር። አስቆመው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስንት ወረቀት ጽፌ እንደ ቀደድኩ አትጠይቀኝ። ከትንሣኤ በኋላ የነፍስ አባቴን አባ ሀብተ ሥላሴን ለማየት አሸተን ማርያም ወጣሁ። ድሮ አንተን በትከሻዬ ይዤ ሳላርፍ የምወጣውን ዳገት አሁን ሰባት ቦታ ዐረፍኩበት። ሰው ሩቅ ሲሆን ግዝት እንዴት ይፈታል ብዬ ጠየቅኳቸው። «በቁጣ ያሰርክበት አንደበት በዕንባ ይፍታው። ሩቅ ከሆነ በገዛ እጅህ ጻፍለት፤ መስቀልህንም በወረቀቱ ላይ አሳርፍ» አሉኝ። ስወርድ ደግፈውኝ ነው የወረድኩት።

ሐኪም ቤትም ሄጃለሁ፤ የትናየት አላስቀምጥ ስላለችኝ። ልቤ ዙሪያ ትንሽ ውኃ አለ ብሎ ደሴ ይሂዱ አለኝ ሐኪሙ። ትንሽ ነው ብሏል፣ ምንም አይደለም። ደሴ አልሄድም፤ ስትመጣ ከቤት እንድታጣኝ አልፈልግም።

ደሞዙ ተሻሽሏልና ተመለስ ብዬ አላዝህም። ማዘዝ ይብቃኝ። የድካምህን ዋጋ የምታውቀው አንተ ነህ፤ የተሻለ ካለህበት ቅር፣ ወደ አገርህ ሥራ ብትመለስም እሰየው። ይህ የምጽፍልህ ከሥራህ ጋር አልተያያዘም። ብትመጣ ግን ሰኔ ሳይጋመስ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ደመናው እየወረደ አውሮፕላኑ እየተመለሰ ያስቸግራል። ለአብራሪ ስለ ደመና የምነግር ሞኝ ሽማግሌ ሆኛለሁ አይደል? ብቻ ሰኔ አይጋመስብህ።

ከዚህ በታች መስቀሌን ወረቀቱ ላይ አስተኝቼ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ከብቤዋለሁ። በገዛ እጄ ላሳልምህ ነበር የምሻው። ግንባርህን አስነካው፣ ከዚያም ሳመው፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን አንብብ።

አንተ ኢያቄም፣ በክርስትና ስምህ ተክለ ሚካኤል፣ እኔ ወላጅህ ቄስ ደግሰው በቁጣ ያሰርኩህን ዛሬ ፈትቼሃለሁ። እግዚአብሔር ይፍታህ። አንተም እኔን ፍታኝ። እናትህ መጨረሻዋ ላይ የጠራችው ያንተን ስም ነው፤ በሷ ዘንድ አንድም ቀን ታስረህ አታውቅም። የወጣህበት ሰማይ በሰላም ያውርድህ፤ ያሳከምክበት እጅህ አይጠር፤ የምትወልዳቸው ልጆች እንደኔ ያለ አባት አይግጠማቸው፣ እንዳንተ ያለ ይግጠማቸው።

ደጄን እርገጥ። በሩን ገርበብ አድርጌ ትቼዋለሁ፤ የትናየትም እንዳትዘጋው ነግሬያታለሁ። ከዚህ ቤት በሚወጣው ሬሳ ላይም ቁም፣ ልጄ። ከሩቅ አይደለም። የቃሬዛውን የራስጌ ጫፍ ማንም እንዳይዘው፣ ያንተ ነው ብዬ ለደሳለ ነግሬዋለሁ።

አባትህ
ቄስ ደግሰው