በኪዳኔ ላይ የጻፍኳቸው ዘጠኝ ኳሶች

ሲዋርድ፣ ሚኒያፖሊስ
መስከረም 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለሳህሉ፣

ኮሎምበስ ወንድምህ ቤት እንዴት ሰነበትክ? አዲሱን ዓመት ተለያይተን መቀበላችን ቢከፋኝም፣ ዘመኑ የጤና ይሁንልህ። እኔና አይዳ ደህና ነን። ልጅህ "ቴል ዳድ ሃይ" ብላለች፤ ከዚያ በላይ አማርኛም እንግሊዝኛም አልወጣትም፣ አኩርፋለች። ስልኬን አላነሳ ስላልክ ነው በወረቀት የመጣሁብህ። ወረቀት ጆሮዬ ላይ አይዘጋም።

ይኸውልህ፣ የክሪኬቱን ዋንጫ በላን! ትናንት እሑድ፣ ሜፕልዉድ። ድምፄ እስካሁን አልተመለሰም፤ ሥራ ቦታ የማጥባቸው አሮጊት "ጉንፋን ይዞሻል" ብለው ሻይ አዘዙልኝ።

ሜዳውን ታውቀዋለህ። ያ ሲሚንቶ ላይ የተዘረጋ ምንጣፍ ለመቺ ሰርግ ነው፤ ኳሱ አይጣመም፣ አይዘል፣ "ምታኝ" ብሎ ቀጥ ብሎ ይመጣል። እኛ ቀድመን መትተን 171 ራን አገባን። እዚያ ሜዳ ላይ 171 ነጥብ ምን አላት? እነሱ ደግሞ ያ ትከሻው በር የሚያህለው ጉያናዊ መቺ አላቸው። ቀጀላ ካፒቴንነቱ ጠፍቶበት፣ ላብ በላብ ሆኖ ነጥብ ወደምመዘግብበት ጠረጴዛዬ መጣ።

"እትዬ እህተ፣ እስቲ መዝገቡን እይልኝ። ኳሱን እንዲወረውር ለማን ልስጥ? ሁሉም ለፈጣኖቹ ስጥ ይሉኛል።"

"ፈጣኖቹንማ ያ ሰውዬ ሲመኛቸው ነው ያደረው" አልኩት። "ኳሱ በፈጠነ ቁጥር ከመምቻው ሲወጣም ይፈጥናል። ለባድሩ ስጥ።"

"ባድሩ? ባለፈው ሳምንት አንድ መቺ እንኳ ከጨዋታ አላስወጣም እኮ!"

"አላስወጣም፤ ራንም አልሰጠም። ማስወጣቱን ተወውና አስርባቸው። ሲርባቸው ራሳቸው ይሳሳታሉ።"

ከማን እንደተማርኩት ታውቃለህ። ናይሮቢ ህንዶቹ ሱቅ ስትሠራ የለመድከውን ጨዋታ፣ ወጥ ቤት ውስጥ በሽንኩርት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ቀስ አድርጎ፣ እግሩ ሥር፣ ሁሌም እዚያው ቦታ። "ስስታሙ ሳህሉ" ያሉህ ለዚህ አልነበር? ባድሩ ስምንት ኦቨር፣ አርባ ስምንት ኳስ፣ ወርውሮ አሥራ ዘጠኝ ራን ብቻ ሰጠ። ጉያናዊው ሲቸግረው ወደ ሰማይ መታና ኳሱ ተይዞበት ወጣ። በአራት ራን አሸነፍን! ስጮህ ወንበሬን ገለበጥኩት። ባድሩን ትከሻቸው ላይ ሲያወጡት ግን "ኧረ አውርዱኝ፣ ይሄ የጋሽ ሳህሉ ቦታ ነው" አለ። እኔም ወንበሬን አነሳሁና ተቀመጥኩ።

አሁን የመጣሁበትን ልንገርህ። ለመጻፍ አምስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ስትሄድ "ቀጀላ ሆን ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ" ብለሃል። ቀጀላ አላዋረደህም። እኔ ነኝ።

ዋይድ፣ ከመቺው ርቆ የሄደ ኳስ፣ በወርዋሪው ስም እንደሚጻፍ ታውቃለህ። ከኋላ የሚይዘው ሰው ያመለጠው ኳስ ግን ወርዋሪውን አይነካውም። ሜይ ላይ አንድ ዋይድ ነበረህ። ጁን ላይ አራት። ጁላይ ላይ ዘጠኝ። ዘጠኙንም ከኋላ የሚይዘውን ኪዳኔን እንዳመለጡት አድርጌ ጻፍኳቸው። የቡድኑ ድምር ያው ነው፤ ዳኛው ዋይድ ብሎ እጁን ሲዘረጋ ሁሉም ቢያይም ቆጥሮ የሚይዘው የእኔ መዝገብ ብቻ ነው። ስምህ ሲበላሽ ማየት አልቻልኩም። ምስኪኑ ኪዳኔ "ወንፊት" እየተባለ ከረመ፤ አንተ ግን መዝገቤ ላይ እንደ ድሮው ስስታም ነበርክ።

ከዚያ ያ የኦገስት ቅዳሜ መጣ። አንድ ኦቨር ቀርቶ እነሱ አሥራ አራት ራን ሲፈልጉ፣ ቀጀላ "ከሁሉም ስስታሙ ማነው?" አለኝ። መዝገቡ ያለውን አነበብኩለት። ስምህን። ሦስት ዋይድ፣ ሁለት ባለስድስት ራን ምት፣ አለቀ። የሳቁት እነሱ ናቸው፤ ያሳቅኩብህ ግን እኔ። እውነቱን ጽፌ ቢሆን ኖሮ ቀጀላ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳያይ፣ ያሳርፍህ ነበር።

ትናንት ዋንጫው ጠረጴዛው ላይ እያለ ነገርኳቸው። ኪዳኔ ብድግ አለ።

"እትዬ! ወንፊት ስታሰኚኝ የከረምሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።"

"ሚስቴ እኮ ሰሃን ማቀበል ትታለች፣ ያመልጠዋል ብላ!"

ሁሉም ሳቁ። ቀጀላ አልሳቀም። "ታዲያ ጋሽ ሳህሉን ምን ነክቶት ነው?" አለኝ።

መልሱን ለእሱ ሳይሆን ላንተ ልስጥ። ሳህሉ፣ እርጅና አይደለም። ሰው በሃምሳ ዓመቱ፣ በሁለት ወር ውስጥ አያረጅም። የሸሚዝህን ቁልፍ በግራ እጅህ ስትታገለው አይቻለሁ። ቴሌቪዥን ስታይ የምትወረውርበትን ቀኝ እጅህን ጭንህ ሥር ስትደብቀውም አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ፤ ካልተናገርኩት የሌለ መስሎኝ። እንዲህ ያሉ እጆችን በየቀኑ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፤ የሕመሙንም ስም አውቃለሁ። ስሙን ሐኪም ይንገርህ እንጂ እኔ አልጽፈውም።

የመዝገቡን ገጾች አርሜ፣ ኮፒ አድርጌ አብሬ ልኬልሃለሁ። በቀይ ያሉት ያንተ ናቸው። ለሐኪሙ አሳየው። ክሪኬት ባያውቅም አንድ፣ አራት፣ ዘጠኝ ማንበብ አያቅተውም። ወንድምህ ይውሰድህ፤ አንተ ድራይቭ አታድርግ። እሱ ካልተመቸው ንገረኝ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ በአውቶቡስ እመጣለሁ።

እመቤቴ ከፊትህ ትቅደም፤ የምትገባበትን የሐኪም በር በመልካም ትክፈተው። አይዳን ለወግ ለማዕረግ አብረን ለማየት ያብቃን።

ስልክ ያላነሳኸው ተቀይመህ ነው፤ ይገባኛል፣ ተቀየመኝ። ደብዳቤ ያልጻፍክልኝ ግን በቂም አይመስለኝም። ሳህሉ፣ ፊደሉ ቢጣመምም፣ ከመስመር ቢወጣም ጻፍልኝ። አነበዋለሁ።

ሚስትህ
እህተማርያም