ሕመሙ የቀነሰ ሰሞን

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2

በሆዴ ተኝቻለሁ። ፊቴ በአልጋው ቀዳዳ ውስጥ። የሚታየኝ የሲሚንቶው ወለልና የኦቦ ገመቹ ነጭ ሸራ ጫማ ብቻ። አየር ሳብ አድርግ ይለኛል። አሁን ልቀቀው። ስለቀው በሁለት እጁ ወገቤን ይጫነኛል። ቋ! ድምፁ ከእኔ ሳይሆን ከጣሪያው የመጣ ይመስላል። አጥንት ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት አይደለም፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለ አየር ነው ይላል። ለሁሉም ሰው ይህንኑ ይናገራል። ማንም አያምነውም።

ዛሬ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። እግሬ እንደ ሰሞኑ ነው። ከወገቤ ተነስቶ በቀኝ መቀመጫዬ፣ በጭኔ ጀርባ፣ በባቴ አድርጎ እስከ ቁርጭምጭሚት የጋለ ሽቦ። ሆስፒታል የወገብ ዲስክ ተንሸራቶ የሳያቲክ ነርቭህን ተጭኖታል አሉኝ። ክኒን ሰጡኝ። ክኒኑ ሽቦውን ትቶ ጨጓራዬን ያዘ። ስለዚህ ወደ ኦቦ ገመቹ (ኦ.ገ.) መጣሁ። የዚሁ የአምቦ ልጅ ነው። ሙያውን ውጭ አገር ተምሮ አዲስ አበባ ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱ ግቢ ባለች አንዲት ክፍል ያክማል። በሩ ላይ «ካይሮፕራክቲክ» ተብሎ ተጽፏል፣ አከርካሪን በእጅ ማከም ማለት ነው። ከደንዲ የሚመጡት ገበሬዎች ግን ወጌሻው ነው የሚሉት። ወጌሻ አይደለሁም ይላቸዋል። እሺ ወጌሻ ይሉታል።

ተራ ስንጠብቅ ኦቦ ቶለሳ (ገበሬ፣ ከጊንጪ ወዲያ፣ ወገቡን እህል ሲጭን የተቀጨ) ቅቤ የማይቀባ ወጌሻ የት አገር አይታችኋል ብሎ አሳቀን። ውጭ አገር ከርሞ ቅቤ ጠላ መሰለኝ አለ። እየሳቅኩ ወገቤን ያዝኩ። መሳቅም ያማል።

አንድ ነገር ልጻፍ፣ እንዳይጠፋብኝ። መጀመሪያ ቀን ኦ.ገ. አስጠንቅቆኝ ነበር። እግርህ ከደከመ፣ ጣትህ አልነሳ ካለ፣ ሽንትህ ካስቸገረህ በዚያው ቀን ንገረኝ። ያኔ እጄን አነሳለሁ። የነርቭ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ። ከዘገየህ እግሩ ላይመለስ ይችላል። በየሳምንቱ በተረከዜ ያስኬደኛል። ዛሬም ሄድኩ። ደህና ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ፍ/ቤት። አፋን ኦሮሞ ለማይሰሙ አማርኛ፣ አማርኛ ለማይሰሙ አፋን ኦሮሞ። ሥራዬ ቆሞ ስለሆነ ተመስገን። ጠላቴ ወንበር ነው። ዳኛው ሲራሩልኝ አቶ ዋቅጅራ ተቀመጥ ይሉኛል። እቀመጣለሁ። ሽቦው ይግላል። ተነሣ እስኪሉኝ በግራ መቀመጫዬ ብቻ ተንጠልጥዬ እተረጉማለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የጸሎት ቡድኑ ሊጠይቀኝ መጣ። መሪያቸው አዴ ብርቄ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ ብርቱካንና ሙዝ ይዘው። አከም ጂርተ ወንድም ዋቅጅራ፣ እግርህስ? ፈያዳ አልኩ። ደህና ነኝ፣ ተሽሎኛል፣ ጌታ ይመስገን። ሰው ጤናህን ሲጠይቅህ መልሱ አስቀድሞ ከንፈርህ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አሞኛል ብል ደግሞ እስከ ምሽት አይነሡም። አንዷ የወንጪውን ወጌሻ ታስመጣብኛለች።

አዴ ብርቄ ሃሌ ሉያ ብላ እጇን አነሣች። ቤቱ በአንድ ድምፅ አሜን አለ። ወዲያው በዚህ ወር መጨረሻ እሑድ ትመሰክራለህ አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆመህ ጌታ እንዴት እንደ ፈወሰህ ትናገራለህ። እምቢ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሌንሴ ከጓዳ በር ላይ ሆና አየችኝ። ባለቤቴ ናት። አስተያየቷን አውቀዋለሁ።

ሲወጡ፣ ተሻለህ እንዴ አለችኝ። ሊሻለኝ ነው አልኩ። ጉድ ነው፣ እኔ ባለቤትህ ሳልሰማ አዴ ብርቄ ሰማች አለችኝ። ሙዝ ልጣ ሰጠችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ኦ.ገ. ዘንድ። በተረከዝ ሄድኩ። ደህና። ቋ፣ ቋ። እንዴት ነው አለኝ። ተሽሎኛል አልኩ። ትንሽ እውነት ነበረው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ጠዋት ነቃሁ። ሽቦው የለም።

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ጠበቅኩ። የለም። ጎንበስ አልኩ። የለም። ሌንሴን ጠርቼ እየተቀመጥኩ እየተነሣሁ አሳየኋት። እንደ ሕፃን አጨበጨበችልኝ። ፍ/ቤት በእግሬ ሄድኩ። በሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሜ ውሃውን አየሁ። ከመቼ ወዲህ ነው ቆሜ የሆነ ነገር ያየሁት? አልታመምኩም ነበር ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ቶሎ ነው የሚረሳው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ከችሎት ስወጣ የቀኝ ጫማዬ አፍንጫ ከደፉ ጋር ተጋጨ። መዝገቦቹ ተበተኑ። ጸሐፊዋ ሳቀች። አቶ ዋቅጅራ፣ ድነህ መሮጥ ጀመርክ እንዴ አለች። እኔም ሳቅኩ።

ደፉ እዚያው ነው። ስንት ዓመት አልፌዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

የኦ.ገ. ግቢ በሰው ተሞልቷል። ጎረቤት ልቅሶ አለ፣ እሱም ቶሎ ሊጨርስ ይቸኩላል። ኦቦ ቶለሳ ከእኔ በፊት ገብቶ እየተራመደ ወጣ። ወጌሻው ያለቅቤም ይችላል አለ።

እንዴት ነው አለኝ ኦ.ገ.። ሕመሙ ጠፍቷል አልኩ። ይህ እውነት ነው። ፊቱ በራ። አየህ አለኝ። ለሌሎቹ ሊያሳየኝ በሩን ከፈተው። አስተርጓሚው ይመስክር አላቸው። ሁሉም ወደ እኔ አዩ። አንዲት ሴትዮ እግዚአብሔር ይመስገን አለች።

በተረከዝህ ሂድ አላለኝም። ረሳሁት ብዬ ልጽፍ ነበር። አልረሳሁም። አስታውሼ ዝም አልኩ። ለአንተ ለደብተሬ እንኳ ልዋሽ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ነጠላ ጫማው ከቀኝ እግሬ እየወለቀ ነው። ከመኝታ ቤት ወደ ሽንት ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ይቀራል። ዞሬ አነሣዋለሁ።

ሌንሴ ምሳ ስታቀርብ፣ አካሄድህ ድምፅ አለው አለችኝ። የምን ድምፅ? አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይወድቃል። ጫማው ሰፍቶ ነው አልኩ። ሁለቱም አንድ ቁጥር ናቸው እኮ አለችኝ። መምህር ናት፣ የተማሪ ሰበብ ስትሰማ የኖረች። ጨው አቀብዪኝ አልኩ። ወጡ ጨው አልጎደለውም ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21፣ ከሰዓት

ቤት ውስጥ ማንም የለም። ጫማዬን አወለቅኩ። ግድግዳ ይዤ በተረከዜ ቆምኩ። ግራው ቆመ። ቀኙ አልቆመም። ተቀምጬ እግሬን ዘረጋሁ። ተነሣ አልኩት አውራ ጣቴን። የግራው ቀና አለ። የቀኙ ያየኛል።

ሕመሙ የለም። ይህ ነው የሚያስፈራኝ። ሽቦው እያለ ነርቩ ይጮህ ነበር። አሁን ዝም ብሏል። ዝም ያለ ምስክር ብዙ አይቻለሁ።

ለምን አልነገርኩትም? ቢላዋ ስለምፈራ። አከርካሪው የተነካ ሰው አይነሣም ሲሉ ስሰማ ስላደግኩ። በሩን ከፍቶ ሲያሳየኝ የኦ.ገ. ፊት እንዴት እንደ በራ ስላየሁ። አሜን ያለውን ቤት ሙሉ ሰው አሜናችሁን መልሱ እንዴት እላለሁ? እነዚህን ሁሉ ጻፍኩ። ስጽፋቸው ያንሳሉ። ጣቱ ግን ያው ነው።

እሑድ መመስከሬ ነው።

ማምሻውን

ለሌንሴ አሳየኋት። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጣቴን በእጇ ቀና አደረገችው። ለቀቀችው። ወደቀ። ከመቼ ጀምሮ? ባለፈው ዓርብ አልኩ። ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ስትተኛ አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስክንተኛ አላናገረችኝም። መብቷ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ሄድን። ሌንሴ ተራ አልጠበቀችም። ኦቦ ቶለሳ በአማርኛም በኦሮምኛም አጉረመረመ። እሷ ደግሞ አባቴ ይቅርታ፣ እግሩ እየሞተ ነው አለችው። ኦቦ ቶለሳ ተነሥቶ በሩን ራሱ ከፈተልን።

ኦ.ገ. በተረከዝህ ሂድ አለኝ። አልሄድኩም። አልጋ ላይ አስቀምጦ በአውራ ጣቱ አውራ ጣቴን ተጭኖ ግፋኝ አለኝ። ገፋሁ። ምንም። በመርፌ ጫፍ የእግሬን ላይኛ ገጽ ነካ ነካ አደረገ። ግማሹ ይሰማኛል። ሽንትህስ አለኝ። ደህና ነው አልኩ። ሌንሴ አየችኝ። እውነት ደህና ነው አልኩ።

ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ጠየቀ። ነገርኩት። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ስትቆም አውቀህ ነበር? አዎ። ወንድሜ፣ እኔ የማየው ገላህን ነው እንጂ ሆድህን አይደለም አለኝ። ተቆጣ። እጁን ታጠበ፣ ሳይነካኝ። ቆይቶ እኔም አላስኬድኩህም አለ። ለልቅሶ ቸኩዬ ነበር። ደስታህን አይቼ ደስ አለኝና ተውኩት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሁለታችንም ወለሉን አየን።

ዛሬ ቋ የለም። ወገብህን አልነካም አለ። ለሚያውቀው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ደወለ። ማክሰኞ አዲስ አበባ። እስከዚያ እንዳልሸከም፣ እንዳልጎነበስ። ሽንቴ ከተያዘ ወይም ጭኔ መካከል ከደነዘዘኝ ማክሰኞን ሳልጠብቅ በዚያችው ሰዓት።

ስንወጣ ኦቦ ቶለሳ ትከሻዬን ያዘኝ። ቅቤው ነበር የጎደለው አለኝ። እንዳላለቅስ ብሎ ነው። ልስቅ ሞከርኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ሌንሴ እንቅር አለች። ስልክ ደውዬ አሞታል ልበል? አይሆንም አልኩ። ብቀር ያለ እኔ በስሜ ይመሰክራሉ።

ሰዓቱ ደረሰ። አዴ ብርቄ ጠራችኝ። እየጎተትኩ መድረክ ላይ ወጣሁ። ድምፁ ተሰማ፣ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይወድቃል። በኦሮምኛ ጀመርኩ። ጸለያችሁልኝ። ሕመሙ ቀነሰ። እኔም ዳንኩ አልኳችሁ። አልዳንኩም። እግሬ እየደከመ ነው። ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ፈርቼ ነበር የዋሸኋችሁ። ከዚያ ለካ ልማዴ ነው፣ ሁልጊዜ እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ እዚያው ቆሜ እተረጉማለሁና፣ ሳላስበው ያንኑ በአማርኛ ደገምኩት። አልዳንኩም። ሁለት ጊዜ። ከኋላ ወጣቶቹ ሳቁ። አንድ ሰው አሜን አለ፣ ለምኑ እንደ ሆነ አላውቅም።

አዴ ብርቄ ማይኩን ተቀብላኝ መዝሙር አስነሣች። ፊቷ ጠቁሯል። እንዲህ አይደለም ምስክርነት አለችኝ በጆሮዬ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግን በር ላይ ጠበቀችኝ። ሌንሴ ፈንጠር እስክትል ቆየች። ያ የማክሰኞው ሐኪም በሳምንት ስንት ቀን ነው ሰው የሚያየው አለችኝ። ለማን ነው አልኩ። ለሰው ነው አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። በግራ እጇ የበሩን መቃን ይዛ ነበር የቆመችው። ሳስበው፣ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይዛ ነው የምትቆመው። የሐኪሙን ስልክ ቁጥር ሰጠኋት። እግዚአብሔር ይማርህ ወንድም ዋቅጅራ አለችኝ፣ እንደ ማንኛውም ሰው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26፣ አዲስ አበባ

ሚኒባስ። ከኋላ መቀመጫ ላይ በጎኔ ተኝቼ። ጊንጪ ላይ አንዲት ሴትዮ ጤፍ ይዛ ገባች። ቦታ አጥታ እግሬን አነሣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ምን ሆነህ ነው? ደክሞ ነው፣ አይነሣም አልኳት። አይዞህ አለች። እስከ ሆለታ ስለ ላሟ አወራችልኝ። ሽቦው አልተመለሰም። ባመመኝ እያልኩ ነበር የምሄደው።

ኤም አር አይ ተነሣሁ። ቧንቧ ውስጥ ሆነህ ሰው በመዶሻ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥብህ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ሐኪሙ ወጣት ነው። ሥዕሉን በብርሃን ላይ አሳየን። ነጩ ገመድ ነርቩ ነው። ጥቁሩ ከዲስኩ የወጣው ነው። ጥቁሩ ነጩን ግድግዳ ላይ አጣብቆታል። ሰው በር ላይ እንደሚጣበቅ። ነገ ማውጣት አለብን አለ። ጣቱ ይነሣል? ሊነሣ ይችላል። ቃል አልገባም። ብንተወው ግን የማይነሣበት ዕድል ይበልጣል። ቶሎ መምጣትህ ጥሩ ነው አለኝ። ቶሎ አልመጣሁም አልኩት። ቀናቱን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከብዙዎች ቀድመሃል አለ።

ኦ.ገ. ደወለ። ነገ ጠዋት እመጣለሁ አለ። አትቸገር አልኩት። ታምመህ ሳለ ዝም አልክ፣ አሁን ደግሞ እኔን ዝም በል ትላለህ ብሎ ዘጋው።

ተስማማሁ። ፈረምኩ። ከአሁን በኋላ ምግብ ውሃ የለም። አልጋው መስኮት አጠገብ ነው፣ የመኪናው ጩኸት ይገባል። ሌንሴ የቀኝ ካልሲዬን አወለቀች፣ ጣቴን አየች፣ መልሳ አለበሰችኝ።

ፈርተሃል ወይ አለችኝ።

ፈርቻለሁ አልኳት። ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች።